የመኪና ፍጥነትና የክርስቲያን ኅሊና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በስደት በምንኖርበት በጀርመን ሀገር ቤተ ክርስቲያናችን እንደ ሀገር ቤት በየሰፈሩ አትገኝም። ብዙዎቻችን መቶ፣ አንዳንዴም ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ካልተጓዝን ቅዳሴ አናስቀድስም፤ ልጅ ክርስትና አናስነሣም፤ ያዘነ ወገናችንንም አናጽናናም። ስለዚህ መኪና ለእኛ የቅንጦት ዕቃ መሆኑ ቀርቶ ወደ እግዚአብሔር ቤት የሚያደርስ፣ ልጆችን የሚያመላልስ፣ ለአንዳንዶቻችንም የዕለት እንጀራ የሚያስገኝ መሣሪያ ሆኗል። ይሁን እንጂ ስለ አነዳድ ሲነሣ ጉዳዩ የመንጃ ፈቃድ ትምህርት ቤትና የፖሊስ ብቻ ይመስላል። እሑድ ጠዋት መስቀል ተሳልሞ የወጣ ሰው ከግማሽ ሰዓት በኋላ በአውቶባን ላይ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ሲከንፍ፣ ይህ ሥራው ከመስቀሉ ጋር ምን ግንኙነት እንዳለው ራሱን አይጠይቅም።

በዚህ ትምህርት መኪናን ከልክ በላይ አፍጥኖ መንዳት በሥጋም በነፍስም የሚያስከትለውን ጉዳት እንመለከታለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

1. ሁለት ሰረገሎች

ቅዱሳት መጻሕፍት ስለ መኪና አልተናገሩም፤ ስለ ሰረገላና ስለ ነጂው ግን ተናግረዋል። በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ (9፥20) በኢይዝራኤል ግንብ ላይ የቆመ ጠባቂ ከሩቅ የሚመጡ ሰዎችን ያያል። ፊት ለይቶ ማወቅ በማይቻልበት ርቀት ሳለ የሚመጣው የናሜሲ ልጅ ኢዩ ሳይሆን እንደማይቀር ለንጉሡ አስታወቀ። የለየውም በመልኩ ወይም በልብሱ አይደለም፤ በአነዳዱ ነው። ኢዩ ሰረገላውን እንደ ዕብድ ይነዳ እንደ ነበር በሀገሩ ሁሉ የታወቀ ነበርና። ከዚህ የምንማረው አነዳድ የጠባይ ምስክር መሆኑን ነው። በሰው ፊት ራሳችንን በትሕትና ዝቅ አድርገን የምንታይ ሰዎች መሪ ስንጨብጥ ትዕግሥታችን ምን ያህል እንደ ሆነ ከፊታችን የሚሄደውም ከኋላችን የሚመጣውም ያውቀዋል።

ሁለተኛው ሰረገላ የእኛው ሀገር ሰው ሰረገላ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ኢየሩሳሌም ተሳልሞ ሲመለስ በሰረገላው ተቀምጦ ትንቢተ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። ፊልጶስም በእግሩ ሮጦ ደረሰበት፤ የሚያነበውንም በጆሮው ሰማ። ጃንደረባው የንግሥት ባለሟልና የገንዘቧ ሁሉ ኃላፊ ነበር፤ መንገዱም ረጅም ነበር፤ እቸኩላለሁ ቢል ምክንያት አያጣም። ነገር ግን ጠያቂውን ከጎኑ አስቀመጠ፤ ውኃ ባየ ጊዜም ሰረገላው እንዲቆም አዘዘና ተጠመቀ። የሀገራችን የክርስትና ታሪክ ከዚህ መንገደኛ ጋር የተያያዘ ነው። ኢዩ በመንዳቱ ታወቀ፤ ጃንደረባው ግን በማቆሙ ተባረከ። የእኛ መኪና ከሁለቱ ሰረገሎች የትኛውን እንደሚመስል እያንዳንዳችን ልንጠይቅ ይገባናል።

2. ፍጥነት በቁጥር ሲመረመር

በዚህ ሀገር መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው ሁሉ የተማረው ቀላል ስሌት አለ። የፍጥነቱን ቁጥር ለአሥር አካፍሎ በሦስት ማባዛት፣ አሽከርካሪው አደጋውን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ ድረስ መኪናው የሚሄደውን ርቀት በሜትር ያሳያል። ፍጥነቱን ለአሥር አካፍሎ ውጤቱን በራሱ ማባዛት ደግሞ ፍሬን ከተያዘ በኋላ በደረቅ መንገድ መኪናው እስኪቆም የሚያስፈልገውን ርቀት ይሰጣል። ሁለቱ ሲደመሩ ጠቅላላው የመቆሚያ ርቀት ይገኛል።

በዚህ መሠረት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ለመቆም 18 ሜትር ያስፈልገዋል። በ50 የሚነዳ 40 ሜትር፣ በ100 የሚነዳ 130 ሜትር፣ በ130 የሚነዳ 208 ሜትር፣ በ200 የሚነዳ ግን 460 ሜትር ይፈልጋል። ፍጥነቱ ከ100 ወደ 200 ሲያድግ የጨመረው በእጥፍ ነው፤ የፍሬኑ ርቀት ግን ከ100 ሜትር ወደ 400 ሜትር፣ ማለትም በአራት እጥፍ አደገ። ይህም የሚሆነው የሚንቀሳቀስ ነገር የተሸከመው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል ስለማያድግ ነው፤ ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ ሲሆን ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። ጎማው አዲስ ቢሆን፣ ፍሬኑ ቢጠነክር፣ የመኪናው ዋጋ ቢወደድ ይህ የተፈጥሮ ሕግ አይለወጥም። በድንገተኛ አደጋ ፍሬን በሙሉ ኃይል ሲረገጥ ርቀቱ ሊያጥር ይችላል፤ በዝናብ ግን ይረዝማል፤ በበረዶ ላይ ደግሞ እጅግ ብዙ እጥፍ ይሆናል።

ብዙ ሰው በጥቂት ኪሎ ሜትር ብልጫ ልዩነት የሚመጣ አይመስለውም። በትምህርት ቤት አጠገብ 30 ብቻ በተፈቀደበት መንገድ ሁለት መኪናዎች ጎን ለጎን ይሄዳሉ እንበል፤ አንዱ በ30፣ ሌላው በ50። ከፊታቸው 18 ሜትር ላይ አንድ ሕፃን ኳስ ተከትሎ ብቅ ይላል። በ30 የሚነዳው ሕፃኑ ዘንድ ሲደርስ ይቆማል። በ50 የሚነዳው ግን እግሩ ፍሬን ላይ ሳያርፍ 15 ሜትር አልፎታል፤ የቀሩት 3 ሜትር ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ ሕፃኑን በ47 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት ይመታዋል። አንደኛው ሕፃን ደንግጦ ወደ እናቱ ሮጠ፤ ሁለተኛው ግን አልሮጠም። በሁለቱ አሽከርካሪዎች መካከል የነበረው ልዩነት 20 ኪሎ ሜትር ነው።

በአውቶባንም ነገሩ ያው ነው። ከፊት 130 ሜትር ላይ የቆመ መኪና ቢገኝ በ100 የሚነዳው ሰው ለጥቂት ይቆማል። በ130 የሚነዳው ግን የቆመውን መኪና የሚመታው ፍጥነቱ ገና 88 ኪሎ ሜትር ገደማ ሳለ ነው። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ብቻ ጨመርሁ ያለው ሰው በግጭቱ ሰዓት የሚከፍለው ዋጋ ሠላሳ አይደለም፤ ሰማንያ ስምንት ነው።

ግጭት በደረሰ ጊዜ የሚሆነውንም ማስተዋል ይገባል። በአንድ ግጭት ውስጥ በእውነቱ ሦስት ግጭቶች አሉ። መጀመሪያ መኪናው ከፊቱ ካለው ነገር ጋር ይጋጫል። ቀጥሎ፣ መኪናው ሲቆም በውስጡ ያለው ሰው በነበረበት ፍጥነት ወደ ፊት እየሄደ ከቀበቶው፣ ካላሰረም ከመሪው ወይም ከመስተዋቱ ጋር ይጋጫል። በመጨረሻም፣ ሰውነቱ ሲቆም ልብ፣ ጉበትና አንጎል ወደ ፊት መሄዳቸውን ይቀጥሉና ከውስጥ ከአጥንት ጋር ይጋጫሉ። ቀበቶና የአየር ከረጢት ሁለተኛውን ግጭት ያበርዳሉ፤ ሦስተኛውንም ያቀሉታል፤ ፍጥነቱ እጅግ ከበዛ ግን አቅማቸው ያልቃል። ከውጭ አንዳች ቁስል ሳይታይበት የሚሞት ሰው የሚኖረው ስለዚህ ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት ባወጣው ዘገባ መሠረት በ2021 ብቻ በዓለም ላይ በመንገድ አደጋ የሞቱት ሰዎች 1.19 ሚሊዮን ያህል ናቸው። ከ5 እስከ 29 ዓመት ላሉ ልጆችና ወጣቶችም ቀዳሚው የሞት ምክንያት በሽታ ሳይሆን የመንገድ አደጋ ነው። ይኸው ድርጅት እንደሚያስረዳው አማካይ ፍጥነት በመቶ አንድ ሲጨምር ሰው የሚሞትበት አደጋ በመቶ አራት ያህል ይጨምራል፤ እግረኛን የሚመታ መኪና ፍጥነቱ ከ50 ወደ 65 ሲያድግ ደግሞ የእግረኛው የመሞት ዕድል አራት ተኩል እጥፍ ይሆናል።

3. ከመቅደሱ ጫፍ ላይ

አንድ ሰው በመኪና ሲጋጭ የሚደርስበትን ኃይል ከከፍታ በመውደቅ መመሰል ይቻላል። የነፋሱን መቋቋም ትተን ስናሰላው በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከግንብ ጋር መጋጨት ከ10 ሜትር ያህል ከፍታ፣ ማለትም ከፎቅ ቤት ሦስተኛ ደርብ እንደ መውደቅ ነው። በ100 ሲሆን ከ39 ሜትር፣ በ200 ሲሆን ግን ከ157 ሜትር መውደቅ ነው። በኮሎኝ ከተማ በባቡር ጣቢያው አጠገብ የቆመውን ታላቅ ካቴድራል አብዛኞቻችን አይተነዋል፤ የማማዎቹ ቁመት 157 ሜትር ነው። እንግዲህ በ200 የሚነዳ ሰው፣ ፊቱ ያለው መንገድ ባዶ ሆኖ እስካለ ድረስ፣ በዚያ ማማ ጫፍ ላይ የሚራመድ ሰውን ይመስላል። አንድ ጎማ እስኪፈነዳ፣ አንድ የጭነት መኪና ሳያይ እስኪወጣ ድረስ ብቻ በላይ ይቆያል።

ይህን ስንሰማ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4 የተጻፈው የጌታችን ፈተና ሊታወሰን ይገባል። ዲያብሎስ ጌታን በቤተ መቅደስ ጫፍ አቁሞ ራሱን እንዲወረውር ጠየቀው፤ ያቀረበለትም ምክንያት መላእክት በእጃቸው ያነሡታል የሚለውን የመዝሙረ ዳዊትን ቃል ነበር። ጌታችንም እግዚአብሔርን መፈታተን እንደማይገባ መልሶ አሳፈረው። ልብ እንበል፤ ፈታኙ የጠቀሰው ቃል እውነት ነው፤ እግዚአብሔር በመላእክቱ ይጠብቃል። ሐሰቱ ያለው ጥበቃውን ለድፍረት ማመካኛ በማድረጉ ነው።

ይህ ፈተና ዛሬም በመኪናችን ውስጥ አለ። በመስተዋቱ ላይ መስቀል ወይም መቁጠሪያ፣ በመሪው አጠገብ የእመቤታችንን ወይም የቅዱስ ሚካኤልን ሥዕል ማኖር መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ሥዕሉን አኑሮ ከልክ በላይ መክነፍ፣ እነሆ እወረወራለሁና ያዙኝ ማለት ነው። በመጽሐፈ ጦቢት መልአኩ ቅዱስ ሩፋኤል ከወጣቱ ጦብያ ጋር በመንገድ የሄደው በልጁ እርምጃ እየተራመደ ነው፤ በሰላም ወስዶም በሰላም መለሰው። የመንገድ ጠባቂያችንን የምንማጸን ሰዎች አብሮን ሊሄድ በሚወደው አካሄድ መሄድ ይገባናል።

4. ሦስት ሕግጋት በብሉይ ኪዳን

ሰው ባልታሰበ አደጋ ሲሞት ጥፋቱ የማን ነው? ይህን ጥያቄ የኦሪት ሕግ በሦስት ምሳሌዎች ይመልሰዋል።

ሀ. የመጥረቢያው ምሳሌ። በኦሪት ዘዳግም 19፥4-5 እንጨት ሲቆርጥ ብረቱ ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን ስለ ገደለ ሰው ተጽፏል። ጠላትነት አልነበረውም፤ ስለዚህ ወደ መማጸኛ ከተማ ሸሽቶ ይድን ዘንድ ተፈቀደለት። ሳያውቅ የገደለና አውቆ የገደለ አንድ አይደሉም። ፍትሐ ነገሥታችንም ይህን ልዩነት ይጠብቃል፤ ቅዱስ ባስልዮስም ለአምፊሎኪዮስ በጻፈው መልእክት በፈቃድና ያለ ፈቃድ የሚደረግን ግድያ ለይቶ አስተምሯል።

ለ. የሰገነቱ ምሳሌ። በኦሪት ዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል፤ ሰው ቢወድቅ የደም ዕዳ በቤቱ ላይ እንዳይመጣ። በዚህ ስፍራ ማንም ማንንም አልገፋም፤ ነገር ግን አደጋ ሊመጣ እንደሚችል እያወቁ አለመከላከል ራሱ ዕዳ ሆኖ ተቆጠረ።

ሐ. የተዋጊው በሬ ምሳሌ። በኦሪት ዘጸአት 21፥28-29 በሬ ሰውን ወግቶ ቢገድል ባለቤቱ ንጹሕ እንደ ሆነ ተጽፏል። ነገር ግን በሬው አስቀድሞ ተዋጊ ከሆነ፣ ለባለቤቱም ተነግሮት ሳለ ካልጠበቀው፣ ባለቤቱ በሞት ተጠያቂ ይሆናል። እዚህ ላይ ፍርዱን የለወጠው ነገር የባለቤቱ ማወቅ ነው። ተነግሮታል፤ ግን አልጠበቀም።

የዛሬ አሽከርካሪ ከሦስቱ የትኛው ነው? ልኩን ጠብቆ ሲነዳ በድንገት አደጋ የደረሰበት ሰው እንደ መጥረቢያው ባለቤት ነው፤ እናዝንለታለን እንጂ አንፈርድበትም። ቀበቶ ሳያስታጥቅ ልጆች የሚያሳፍር፣ ያለቀ ጎማ የማይለውጥ ሰው ሰገነቱን ያለ መከታ የተወውን ይመስላል። ከልክ በላይ አፍጥኖ የሚነዳው ግን ስለ በሬው የተነገረው ሰው ነው። መንገድ ዳር የቆመው ምልክት ነግሮታል፤ የተማረበት ትምህርት ቤት ነግሮታል፤ የደረሰው የቅጣት ደብዳቤ ነግሮታል፤ ከጎኑ የተቀመጠችው ሚስቱም ደጋግማ ነግራዋለች።

5. በበርሊን የተፈረደው ፍርድ

ከላይ ያነሣነው ጥያቄ በምንኖርበት ሀገር ፍርድ ቤቶችን ለዓመታት አከራክሯል። በየካቲት 1 ቀን 2016 ሌሊት በበርሊን ኩርፈርስተንዳም በሚባለው ዝነኛ ጎዳና ሁለት ወጣቶች በመኪና እሽቅድምድም ጀመሩ። የከተማው ወሰን 50 ኪሎ ሜትር ነው፤ እነርሱ ግን ከ160 በላይ እየከነፉ ቀይ መብራት ይጥሱ ነበር። በአንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ አረንጓዴ በርቶለት በጂፕ መኪና ይሻገር የነበረ የ69 ዓመት ሰው በአንደኛው መኪና ተመትቶ እዚያው ሞተ።

በ2017 የበርሊን ፍርድ ቤት ሁለቱንም በነፍስ ግድያ ጥፋተኞች ናቸው ብሎ ዕድሜ ልክ ፈረደባቸው፤ በጀርመን በእሽቅድምድም አሽከርካሪ ላይ እንዲህ ያለ ፍርድ ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር። በ2018 ግን የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። ምክንያቱም ልብ ሊባል የሚገባው ነው። የበታቹ ፍርድ ቤት ሰዎቹ ሞት ቢመጣም ይምጣ ብለው የተቀበሉት መስቀለኛው መንገድ ውስጥ ሲገቡ ነው ብሎ ነበር፤ በዚያ ቅጽበት ግን ፍሬን ቢይዙም መቆም አይችሉም ነበር። ሰው ሊመልሰው የማይችለውን ነገር በዚያች ደቂቃ ፈቀደ ማለት አይበቃም፤ ፈቃዱ መቆም በሚችልበት ጊዜ የነበረ መሆን አለበት ተባለ። ጉዳዩ እንደ ገና ታየ፤ በ2019 ሁለቱም ዳግመኛ በነፍስ ግድያ ተፈረደባቸው። በ2020 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሟቹን የመታውን አሽከርካሪ የዕድሜ ልክ ፍርድ አጸና፤ የሁለተኛው ጉዳይ ተመልሶ በ2021 በግድያ ሙከራ 13 ዓመት ተፈረደበት።

ከዚህ ክርክር ለነፍስ የሚጠቅም ትምህርት እናገኛለን። ዳኞቹ የጠየቁት፣ ንስሐ አባት ከሚጠይቀው ጋር ይመሳሰላል፤ ፈቃድህ የተጣመመው መቼ ነው? አደጋ ያደረሰ ሰው ሁሉ፣ ምን ላድርግ፣ ድንገት ሆነብኝ ይላል። እውነቱን ነው፤ በመጨረሻዋ ቅጽበት ሊያደርገው የሚችለው ነገር አልነበረም። ነገር ግን ኃጢአቱ በመስቀለኛው መንገድ ላይ አልተፈጸመም፤ ገና አማራጭ በነበረው ጊዜ፣ እግሩ ነዳጁን ሲጫን፣ ልቡም ምን ይመጣል ሲል ተፈጽሟል። አባቶቻችን ኃጢአት ከሐሳብ እንደሚጀምር የሚያስተምሩን ስለዚህ ነው። ጌታችንም በተራራው ትምህርቱ ግድያን ከእጅ ወደ ልብ፣ ወደ ቍጣ ወስዶ ያሳየን ይህንኑ ሊያስተውሉን ነው።

6. ስለምናቀርባቸው ምክንያቶች

“ጊዜ ለመቆጠብ ነው።” 180 ኪሎ ሜትር ርቆ ወዳለ ቤተ ክርስቲያን በአማካይ 120 የሚነዳ ሰው በ90 ደቂቃ ይደርሳል፤ በአማካይ 150 የሚነዳው በ72 ደቂቃ። ያተረፈው 18 ደቂቃ ነው፤ በመንገድ ሥራና በመኪና ብዛት ምክንያት በአማካይ 150 መሄድ በራሱ ከባድ መሆኑን ሳንቆጥር። አሥራ ስምንት ደቂቃ ቀድሞ ከአልጋ በመነሣት የሚገኝ ነገር ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ አበው፤ በመንገድ ላይ ግን የፈሰሰው የማይለቀምበት ጊዜ አለ።

“ልምድ አለኝ፤ መኪናዬም ጠንካራ ነው።” ዓይን ለፍጥነት ይለምዳል፤ ለረጅም ጊዜ በ180 የነዳ ሰው ወደ 100 ሲወርድ የቆመ ይመስለዋል። በፍጥነት ሲነዳ ደግሞ ዓይን ወደ ሩቁ ስለሚተክል ከጎን የሚመጣው ይሰወራል። ልምድ የአሽከርካሪውን እጅ ያቀለጥፋል እንጂ የመቆሚያውን ርቀት አያሳጥርም። መኪናው ቢጠነክርም፣ የሚመታው እግረኛ አይጠነክርም።

“የአውቶባን ሕግ ይፈቅዳል።” በብዙው የአውቶባን ክፍል የፍጥነት ወሰን የሌለ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ከ1974 ጀምሮ 130 ኪሎ ሜትር የሚመከር ፍጥነት ሆኖ ታውጇል። የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ1992 እንደ ወሰነው፣ ከዚህ በላይ የሚነዳ ሰው አደጋ ሲደርስ፣ በ130 ብሄድም ኖሮ ተመሳሳይ ጉዳት ይደርስ ነበር ብሎ ማስረዳት ካልቻለ፣ ጥፋቱ በሙሉ የሌላው ቢመስልም ከጉዳቱ ድርሻ ሊከፍል ይችላል። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም በመጀመሪያይቱ ቆሮንቶስ (10፥23) የተፈቀደ ሁሉ የሚጠቅምና የሚያንጽ እንዳልሆነ አስተምሯል።

“ፖሊስ የለም፤ ካሜራውም አልፏል።” ካሜራው ዘንድ ቀስ ብሎ ከዚያ በኋላ የሚከንፍ ሰው የፈራው ቅጣቱን እንጂ ሞትን አይደለም፤ እግዚአብሔርንም አይደለም። በሮሜ መልእክት ምዕራፍ 13 ሐዋርያው ለሕግ መገዛት ስለ ቅጣት ብቻ ሳይሆን ስለ ኅሊናም ጭምር እንደሚገባ ጽፏል።

ሕግ የወጣውም እኛን ለማስጨነቅ አይደለም። በዚህ ሀገር በ1970 በምሥራቁም በምዕራቡም ክፍል በመንገድ አደጋ የሞቱት 21,332 ነበሩ። በምዕራቡ ክፍል በ1972 ከከተማ ውጭ ባሉ ተራ መንገዶች የ100 ኪሎ ሜትር ወሰን ተደነገገ፤ በ1976 የፊት መቀመጫ ቀበቶ ግዴታ ሆነ፤ በ1984 ባላሰረው ላይ የገንዘብ ቅጣት ተጣለ። መኪናዎች ተሻሻሉ፤ የሕክምና እርዳታም ፈጣን ሆነ። በ2023 የሟቾች ቁጥር 2,839 ነበር፤ የመኪናው ቁጥር ግን በእነዚህ ዓመታት ውስጥ እጅግ በዝቶ ነበር። ከእነዚህ ሕግጋት የተነሣ ዛሬ በሕይወት ያሉ፣ መዳናቸውንም እንኳ የማያውቁ ብዙ ሰዎች አሉ።

7. በኑሮ ላይ የሚያመጣው ጣጣ

ሞት ባይመጣም እንኳ ጣጣው ቀላል አይደለም። በከተማ ውስጥ ከተፈቀደው በላይ ከ70 ኪሎ ሜትር አልፎ የነዳ ሰው ከ2021 ጀምሮ በጸናው ደንብ 800 ዩሮ ይቀጣል፤ ሁለት ነጥብ በፍሌንስቡርግ ይመዘገብበታል፤ ለሦስት ወርም መንዳት ይከለከላል። ስምንት ነጥብ የሞላበት መንጃ ፈቃዱን ያጣል። አዲስ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ወጣት የሙከራ ጊዜው ሁለት ዓመት ነው፤ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ አሳልፎ ከተያዘ ወደ አራት ዓመት ይራዘምበታል። ከ2017 ወዲህም ሕገ ወጥ እሽቅድምድም የወንጀል ጥፋት ሆኗል፤ ሰው ከሞተበት እስከ አሥር ዓመት እስራት ያስፈርዳል።

በሌሎች ሀገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችንም እንዲሁ ይጠንቀቁ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በአሜሪካ በቨርጂኒያ ግዛት ከተወሰነው በ20 ማይል ማሳለፍ ወይም ከ85 ማይል በላይ መንዳት ተራ ቅጣት ሳይሆን እስከ 12 ወር እስራት የሚያደርስ የወንጀል ክስ ነው። በአሜሪካ የጭነት መኪና የሚነዱ ወንድሞች ደግሞ በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ከወሰኑ 15 ማይልና ከዚያ በላይ አሳልፈው ቢፈረድባቸው ለ60 ቀን ከሥራው መንጃ ፈቃዳቸው ይታገዳሉ።

በስደት ላይ ያለ ሰው መንጃ ፈቃዱን ሲያጣ ሥራውን ያጣል፤ ሥራው ሲጠፋ ለአረጋውያን ወላጆቹ የሚልከው ገንዘብ ይቆማል። በአንዱ እግር የተጫነው ነዳጅ በሀገር ቤት ያለችውን እናት ምድጃ ያጠፋል።

8. ምን እናድርግ?

ለወላጆች፦ ልጆች ከስብከት ይልቅ ከኋላ መቀመጫ የሚያዩትን ይማራሉ። አባት ከፊቱ ያለውን በመብራት እያስፈራራ ቢነዳ ልጁ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው ይህንኑ ያደርጋል። ለልጅ ኃይለኛ መኪና በመግዛት ፍቅርን መግለጽ አይገባም። አብሮት ተቀምጦ መንዳት ይበልጣል።

ለወጣቶች፦ ጓደኛ ሲሞላ መኪናው ይከብዳል፤ ልብ ግን ይቀላል። “እስኪ አሳየን” የሚልህ ሰው በቀብርህ ላይ ከሚያለቅሱት አንዱ ነው። አብረህ የምትሄድ ከሆንህም ዝም አትበል፤ “ቀስ በል፤ አለዚያ አውርደኝ” ማለት ፍርሃት ሳይሆን ባልንጀራን መውደድ ነው።

ለሚያስቀድሱና ለሚያገለግሉ፦ በበዓላት ሌሊቱን ማኅሌት ቆመን፣ ጾመንና ደክመን ወደ ቤት እንመለሳለን። በድካም ላይ ፍጥነት ሲጨመር አደጋው ይበረታል። ጥቂት ሰዓት አርፎ መሄድ፣ ወይም ያልደከመ ሰው እንዲነዳ ማድረግ ይገባል። ዘግይተን እንደሆነም ዘግይተን እንድረስ፤ ደጀ ሰላሙ በኋላ የመጣውንም ይቀበላል።

ለሁላችንም፦ ከመነሣታችን በፊት በስመ ሥላሴ አማትበን አጭር ጸሎት እናድርግ፤ ቀበቶ ሳይታሰር ሞተር አናስነሣ፤ ከፊታችን ካለው መኪና በፍጥነታችን ቁጥር እኩሌታ ያህል ሜትር እንራቅ፤ ይኸውም በ100 ስንሄድ 50 ሜትር ነው። ቤተ ክርስቲያናችን በቅዳሴዋ ስለ መንገደኞች ትጸልያለች። ያን ጸሎት አሜን ብሎ ተቀብሎ ወጥቶ መክነፍ በአንድ እጅ ሠርቶ በሌላው ማፍረስ ነው።

በመጨረሻም በአነዳዱ ምክንያት ሰው የሞተበት ወይም የተጎዳበት ወገን ይህን ጽሑፍ ያነብብ ይሆናል። ይህ ትምህርት የተጻፈው በቁስሉ ላይ ጨው ለመነስነስ አይደለም። ኦሪት የመማጸኛ ከተሞች ነበሯት፤ በሐዲስ ኪዳን መማጸኛችን ክርስቶስ ነው፤ በሩም ንስሐ ነው። ለካህን ተናግሮ፣ ቀኖናውን ተቀብሎ፣ የተጎዳውን ቤተሰብ በሚችለው ሁሉ ክሶ፣ የሟቹን ስም በጸሎቱ እያሰበ ይኑር እንጂ ተስፋ አይቁረጥ፤ ከማኅበሩም አይሸሽ። እኛም ልናሳቅቀው አይገባንም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2005 ባሳለፈው ውሳኔ በኅዳር ወር ሦስተኛው እሑድ፣ ማለትም በአውሮፓውያን ኖቬምበር፣ በመንገድ አደጋ የሞቱ ሰዎች መታሰቢያ ቀን ነው። በዚያ እሑድ በየመንገዱ የቀሩትን ወገኖቻችንን ስም ለካህናት ሰጥተን እንድናሳስባቸው አደራ እንላለን።

መንገዳችንን የሚያቀና፣ መውጣታችንንና መግባታችንን የሚጠብቅ አምላካችን እግዚአብሔር ማስተዋልን ያድለን፤ በሰላም ወጥተን በሰላም እንድንገባ በቸርነቱ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።